ጀምበር በማትጠልቅበት ምድር ከቦቢ ጋር

ይህ ማስታወሻ ከምንኖርባት ከካናዳዋ የኤድመንተን ከተማ ተነስተን፣ በድንኳን እያደርን፣ በመኪና እስከ ኢኑቪክ ድረስ ስላደረግነው ጉዞ ነው። ኢኑቪክ ከምድር ሰሜናዊ ክበብ ባሻገር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በበጋዋ ወራት ጀምበር ከ50 ቀን በላይ ሳትጠልቅ ትቆይባታለች። ተጓዦቹ ስድስት ነበርን፤ እኛ ባልና ሚስት፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን፣ ከደሴ ሊጠይቁን የመጡት እናታችን፣ ስድስተኛው ደግሞ ቦቢ። ቦቢ ውሻ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱን ግን እንደ አገራችን።)

አንባቢ “ሙስሊም ቤተሰብና ውሻ ምንና ምን ናቸው?” ማለቱ አይቀርምና ከዚሁ እንጀምር። ወደ ካናዳ በመጣንበት በመጀመሪያው የበረዶ ወቅት፣ አካፋ እንኳ ያልገዛን ሰዎች ሳለን፣ ማለዳ በሩን ስንከፍት ደጃችን ተጠርጎ እናገኘው ነበር። የሚጠርጉልን ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤታችን ነበሩ። ከዓመታት በኋላ ጉልበታቸው ደክሞ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲገቡ ቤቱ ውሻ አይቀበልም ተባለ። በራችንን አንኳኩተው ገመዱን በእጃችን ሰጡን። እምቢ የምንልበት አንደበት አልነበረንም፤ ያዝነውም እንደ አማና ነው።

ቦቢ የሚኖረው በግቢያችን ነው፤ ብርዱ ሲበረታ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያድራል። ሳህኑ ለብቻው ነው። የኛን ዕቃ ከላሰ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ እናጥበዋለን። ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ስለመሆኑ፣ ስለ ምራቁና ስለ ገላው መዝሀቦች ስላላቸው ልዩነት ዑለሞቻችን ያስተማሩት ብዙ ነው፤ እኛ እዚያ ውስጥ አንገባም። እናታችን ግን ከአውሮፕላን ማረፊያ እንደመጡ ቦቢን አይተው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡና፣ “መላኢካ እንዳይገባላችሁ ነው?” አሉን። ልጃችን ዋሻ ውስጥ የተኙት ደጋግ ወጣቶችም ውሻ እንደነበራቸው ሱረቱል ከህፍን ጠቅሶ ሊያስረዳቸው ሞከረ። “እነርሱ ከውሻው ጋር ተኙ እንጂ ሽርሽር አልሄዱም” ብለው ዘጉት።

የጉዞውን ሐሳብ ያመጣውም ይኸው ልጅ ነው። የኢኑቪክ መስጂድ ታሪክ ልቡን ገዝቶት ነበር። የዚያች ከተማ ሙስሊሞች በ2010 ቁጥራቸው ወደ 100 ገደማ ሲሆን፣ ከሱዳን፣ ከሊባኖስ፣ ከግብፅና ከሌሎችም አገሮች ለሥራ የሄዱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። የሚሰግዱት በአንዲት ጠባብ ተጎታች ቤት ውስጥ ነበር። በዚያ አገር ቤት መሥራት እጅግ ውድ በመሆኑ በዊኒፔግ ከተማ የሚገኘው የዙበይዳ ተላብ በጎ አድራጎት ድርጅት መስጂዱን እዚያው ዊኒፔግ አሠርቶ በከባድ መኪና ጫነው። መንገድ ላይ ሊገለበጥ ደርሶ ተርፏል። 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል በየብስ ተጉዞ የዓመቱ የመጨረሻ ጭነት ጀልባ ሳያመልጠው ወንዙ ዳር ደረሰ፤ ከዚያ በማኬንዚ ወንዝ ላይ ተንሳፎ ኢኑቪክ ገባ። በኅዳር 2010 ተከፈተ፤ ሚናራውም እዚያው ተሠራለት። እኛ በምንኖርባት ኤድመንተን ያለው የአል-ረሺድ መስጂድ የመጀመሪያ ሕንጻ፣ በ1938 የተሠራው የካናዳ የመጀመሪያ መስጂድ፣ እርሱም ኋላ ከቦታው ተነስቶ ወደ ቅርስ መናፈሻ ተወስዷል። የዚህ አገር መስጂዶች ተጓዦች ናቸው ማለት ነው።

በ2023 የአረፋ በዓል ሰኔ 28 ቀን ዋለ። ዒዱን ኢኑቪክ ለመስገድ ቆረጥን። ልጆቹን ከትምህርት ቤት ጥቂት ቀናት አስፈቅደን፣ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ቡታጋዝ፣ ጀበና፣ አንድ ከረጢት በሶ፣ በርበሬ ያለበት የድብ መከላከያ መርጫ ጭነን ሰኔ 19 ማለዳ ወጣን። ቦቢ ከኋላ በሽቦ መረብ ተለይቶ ተቀመጠ፤ እናታችን ከእርሱ በጣም የራቀውን የፊት ወንበር መረጡ።

ከኤድመንተን 590 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዶውሰን ክሪክ ሲደርሱ የአላስካ አውራ ጎዳና ይጀምራል። ይህን መንገድ የአሜሪካ ጦር በ1942 ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፣ በስምንት ወር ውስጥ ነው የከፈተው፤ ጃፓን በአላስካ በኩል ትመጣለች ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ከቆፈሩት ከ10,000 በላይ ወታደሮች ሲሶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በዚያን ጊዜ ሠራዊቱ ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ ያሰፍር ስለነበር በየራሳቸው ክፍለ ጦር ሆነው በረዶውንና ረግረጉን ታግለዋል። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ መንገዱን በሌላ ዓይን ማየት ጀመሩ፤ ሴቷ ልጃችን ድልድይ በተሻገርን ቁጥር “ይህንንስ እነርሱ ናቸው?” ትል ነበር።

ከፎርት ሴንት ጆን ካለፍን በኋላ ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ያ ዓመት የዶኒ ክሪክ እሳት የተነሳበት ነው፤ በግንቦት መብረቅ አስነስቶት ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ደን በልቷል፤ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነበር። መስኮት ዘግተን ቀስ ብለን ነዳን። ጀምበር እንደ ብርቱካን ተንጠልጥላለች። ሲያወሩ የነበሩት እናታችን ዝም አሉ፤ ብዙ ቆይተው፣ “ሰው ተፈናቅሎ ይሆን?” ብቻ አሉ። እኛም ነገሩን ለእሳቱ ሰጥተን አለፍነው።

የድንኳን ኑሮ ሕግ አለው፤ ሕጉን የሚያወጣው ድብ ነው። ምግብም፣ ሳሙናም፣ የጥርስ ሳሙናም ድንኳን ውስጥ አያድርም፤ ሁሉም መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ከምግብ በኋላ ፍርፋሪ እንኳ ይለቀማል፤ የቦቢ ሳህን ሳይቀር። ውሻ ደግሞ ሁልጊዜ መታሰር አለበት። ብዙ ሰው ውሻ ድብን የሚያባርር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያልታሰረ ውሻ ድብ ላይ ይጮሃል፣ ድቡ ሲቆጣ ውሻው ሸሽቶ ወደ ጌታው ይሮጣል፣ ድቡም ተከትሎት ይመጣል። ይህንን ለልጃችን ደጋግመን ነገርነው። “ገባኝ፣ ገባኝ” ይላል። ቦቢ ከድንኳናችን አሥር እርምጃ ርቆ በመኪናው መንጠቆ ታስሮ ያድራል፤ ከአራት ጥቋቁር ድቦችም ጋር ተያይተናል፤ ሁሉም ከመንገድ ዳር ሣር ይግጡ ነበርና ድብ ሣር መብላቱን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

በሊያርድ ወንዝ አጠገብ በጫካ መካከል የሚፈልቅ ፍልውሃ አለ። ወደ ውሃው ውሻ አይገባምና በየተራ ከቦቢ ጋር ቀረን። እናታችን ከነልብሳቸው እስከ ጉልበት ገብተው ተቀመጡና የጉልበታቸውን ሕመም ለሰዓት ያህል ረሱት። ዋትሰን ሌክ በምትባለው ከተማ ደግሞ የምልክት ሰሌዳዎች ጫካ አለ፤ በ1942 ካርል ሊንድሊ የሚባል የአገሩ ናፍቆት የጠናበት ወታደር የከተማውን ስምና ርቀት ጽፎ ተከለ፤ ያየው ሁሉ ተከተለው፤ አሁን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሆነዋል። እኛም በጣውላ ላይ “ደሴ” ብለን በግዕዝ ፊደል ጽፈን ቸነከርን። እናታችን ራቅ ብለው አዩትና “ዘሟል” አሉ። አቀናነው።

ዋይትሆርስንና በ1896 ወርቅ የተገኘበትን የክሎንዳይክን አካባቢ በፍጥነት አለፍናቸው። ዶውሰን ሲቲ ሳንደርስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የዴምፕስተር መንገድ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚህ እስከ ኢኑቪክ 740 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ጠጠር ነው። መንገዱን ከጀመሩ በኋላ መጀመሪያ ነዳጅ የሚገኘው በ369ኛው ኪሎ ሜትር፣ ኢግል ፕሌንስ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ከተማ የለም፣ መንደር የለም። የዩኮን ግዛት ከኢትዮጵያ ግማሽ ትንሽ ያንሳል፤ ሕዝቡ ግን በጠቅላላ 50,000 አይሞላም። ዛፉ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አረንጓዴ ባዶ ተራራ፣ ነፋስና ትንኝ ነው። ስለ ትንኙ ብንጽፍ መጽሔቱ አይበቃንም።

ማታ ቡና እየተፈላ መንገዱ ስሙን ከየት እንዳገኘ ለልጆቹ ነገርናቸው። በታኅሣሥ 1910 አራት የፖሊስ ተጓዦች በ15 ውሾች በሚጎተቱ ሸርተቴዎች ከፎርት ማክፈርሰን ወደ ዶውሰን ደብዳቤ ይዘው ተነሱ። አካባቢውን የሚያውቅ የጉዊቺን ተወላጅ መሪ ነበራቸው፤ አሰናበቱት። መንገድ ጠፋባቸው፤ ስንቅ አለቀ፤ ወደኋላ ሲመለሱ ውሾቻቸውን አንድ በአንድ እያረዱ በሉ፤ በየካቲት 1911 አራቱም አለቁ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ለፎርት ማክፈርሰን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የቀራቸው። ፈልጎ ያገኛቸው ዴምፕስተር የተባለ የፖሊስ ባልደረባ ነው። እናታችን ትርጉሙን እየተከታተሉ ቆይተው፣ “የጎተታቸውን ውሻ በሉት?” ብለው ጠየቁ። አዎን ስንላቸው ፊታቸውን ወደ ቦቢ አዞሩ። የዚያን ቀን ማታ የቂጣ ቁራጭ ወረወሩለት፤ በእጃቸው ግን አይደለም።

ሌሊት በሌለበት ሶላት እንዴት ነው? ቀኑ እንደ ዓመት በሚረዝምበት ጊዜ ሰዓት ተገምቶ እንደሚሰገድ ከታወቀው ሐዲስ ተነስተው ዑለሞች በዚህ ላይ ተነጋግረውበታል፤ ሌሊትና ቀኑ የሚለይበትን የቅርብ ከተማ ሰዓት መከተል አንዱ መንገድ ነው። የኢኑቪክ ሙስሊሞች ለረመዳን ጾም የኤድመንተንን ሰዓት እንደሚከተሉ ከዚህ በፊት በጋዜጣ ተዘግቧል። እኛም የመጣንበትን የኤድመንተንን ሰዓት ይዘን፣ ሙሳፊር ነንና እያሳጠርንና እያጣመርን ሰገድን። ሴቷ ልጃችን በጠራራ ፀሐይ “ኢሻ ደርሷል” ስንላት መሳቅ አላቆመችም።

ሰኔ 27 ከምድር ሰሜናዊ ክበብ ምልክት አልፈን ስንሄድ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። የዴምፕስተር ጠጠር እንደ ቢላ የሰላ ድንጋይ አለበት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነበር፤ ያንኑ ዕለት ማታ ኢኑቪክ ገብተን የዒዱን ተክቢራ ከጀማዓው ጋር ልንል አስበናል። ክሪኩን እያስገባን ሳለ ልጃችን ቦቢን ውሃ ሊያጠጣው ወደ ምንጩ ወሰደው፤ ገመዱን ፈታው። አንዲት ሽኮኮ ከጉድጓድ ብቅ አለች። ቦቢ ተራራውን ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ይታየን ነበር፤ ከዚያ አልታየም።

ተጣራን። ጥሩምባ ነፋን። እየተፈራረቅን ወጥተን ሸንተረሩን አየን፤ ከሸንተረሩ ባሻገር ሌላ ሸንተረር ነው። ድብ ያለበት አገር ስለሆነ ልጃችንን ብቻውን አንልከውም፤ እርሱ ደግሞ ቁጭ ማለት አልቻለም። አንድ ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት ሆነ። አይመሽም። ቢመሽ ኖሮ ምናልባት ተስፋ እንቆርጥ ነበር፤ ብርሃኑ ግን እንዳለ ስለሆነ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልን ቆየን። ወደፊት ሁለት ወንዞች አሉ፤ በበጋ መኪና የሚሻገራቸው በጀልባ ነው፤ ጀልባዎቹም ለሌሊቱ ይቆማሉ። ከሁለታችን አንዳችን፣ ማን እንደሆነ አንናገርም፣ “እንሂድና ዒዱን ሰግደን ስንመለስ እንፈልገው” አለ። ሌላችንም አልተቃወመም። ልጃችን አንገቱን ደፋ።

እናታችን ተጣጣፊ ወንበራቸውን አወጡና ቦቢ በሄደበት ትይዩ አስቀመጡት። ሙስበሐቸውን ያዙ።

“እናንተ ሂዱ” አሉ። “እኔ ከዚህ አልነሳም።”

“እማዬ፣ ዒድ እኮ ነው” አልናቸው።

“ዒድስ ነው። አንዱን አስሬ ትቼ መጥቻለሁ። ሁለተኛ አልተውም።”

እንግዲህ ይህን ነበር ያልነገሩን። በጥቅምት 2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እናታችን እንደ ሌላው ሁሉ ከጎረቤት ጋር ተነስተው ወደ አዲስ አበባ ሸሽተዋል። በስልክ ስናገኛቸው ስለ ጤናቸው ጠየቅን፣ ስለ ቤቱ ጠየቅን፣ ስለ ሱቁ ዕቃ እንኳ ጠየቅን። የግቢው ውሻ በሰንሰለት እንደታሰረ መቅረቱን ያወቅነው በዚያች መንገድ ዳር ነው። “እመለሳለሁ ብዬ ነው፤ በማግሥቱ የምመለስ መስሎኝ። መኪናው ላይ ወጥቼ ሲጮህ እሰማዋለሁ፤ ውረዱና ፍቱት የምለው ሰው አጣሁ” አሉን። በታኅሣሥ ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ሲመለሱ በሩ ተሰብሯል፣ ቤቱ ተራቁቷል። ሰንሰለቱ ግን አለ። ሰው ፈትቶት ይሁን፣ ሌላ ነገር ሆኖ ይሁን የነገራቸው የለም። “ለሰው አልተናገርኩም። ሰው ልጁን ቀብሮ እኔ ስለ ውሻ ላውራ?”

ከዚያ በኋላ ስለ መሄድ የተናገረ የለም። መንገዱ ዳር ድንኳኑን ሳንተክል መኪናው ውስጥ ተጠጋጋን። ሴቷ ልጃችን ተኛች። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ጀምበር ትክክል ሰሜን ላይ፣ ከተራራው ጫፍ ጥቂት ብቻ ከፍ ብላ ቆማ ነበር። እናታችን ብርድ ልብስ ደርበው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ እንደተቀመጡ ናቸው። ልጃችን አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ምን እንደተነጋገሩ አናውቅም።

10 ሰዓት ከሩብ ላይ “መጣ” የሚል ድምፅ ሰማን። የጮኸው ልጁ መስሎን ነበር፤ እናታችን ናቸው። ቦቢ በሦስት እግሩ እያነከሰ ቁልቁለቱን ይወርዳል። መዳፉን ድንጋዩ ቆራርጦታል፤ ሆዱ ድረስ ጭቃ ነው፤ ምላሱ ተንጠልጥሏል። ማናችንም ሳንደርስ እናታችን ለውዱእ የያዙትን ማንቆርቆሪያ አንስተው በራሳቸው የውሃ መጠጫ ቀዱና ከፊቱ አኖሩለት። ጠጣ። ደገሙለት። የተጠማ ውሻ በጫማው ቀድቶ ስላጠጣው ሰው ከልጅነታችን ጀምሮ የነገሩን እርሳቸው ናቸው፤ ያኔ ግን ያሉት ሌላ ነው። “ይሄ ዋንጫ ከእንግዲህ የእርሱ ነው፤ ከእኔ ዕቃ ጋር እንዳትቀላቅሉብኝ።”

ጎማው ገና ማታ ተቀይሮ ነበርና የቦቢን እግር በጨርቅ ጠቅልለን ተነሳን። የዒዱን ተክቢራ መኪና ውስጥ አልነው፤ ስድስተኛው ተጓዥ አንኮራፋ። የፒል ወንዝ ጀልባ ሥራ እስኪጀምር ጠበቅን፤ ተሻግረን ፎርት ማክፈርሰን ስንደርስ እነዚያ አራት ሰዎች የተቀበሩበትን መቃብር ልጃችን ሊያይ ፈለገ። ፈጥነን አየንና የማኬንዚን ወንዝ ተሻገርን። ኢኑቪክ ስንገባ ከቀኑ 8 ሰዓት ሆኖ ነበር። የዒዱ ሶላት ካለቀ ቆይቷል።

ኢኑቪክ ውስጥ ቤቶቹ ሁሉ በምሰሶ ላይ ናቸው። አፈሩ ከሥር ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ የቤቱ ሙቀት ካቀለጠው ቤቱ ይሰምጣል፤ የውሃና የፍሳሽ ቱቦዎች እንኳ በዚሁ ምክንያት ከመሬት በላይ ነው የሚሄዱት። መስጂዱ ትንሽ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣ ነው ብሎ ለሚያየው ዓይን ግን ትንሽ አይመስልም። በሩ ላይ አንድ የሱዳን ሰው ሳህን ሲሰበስብ አገኘነው። ዘግይተን መምጣታችንን ስንነግረው “ምግቡ አልዘገየም” ብሎ ሩዝና ሥጋ አቀረበልን። ለውሻውም አጥንት ለየለት።

ዙህርና ዐስርን ልንሰግድ ስንነሳ እናታችን ቂብላው በየት እንደሆነ ጠየቁ። ሰውየው አሳያቸው፤ ሰሜን ነው። ኢኑቪክ ከመካ አንጻር በምድር ኳስ ማዶ ስለሆነች አጭሩ መንገድ በሰሜን ዋልታ አናት ላይ ያልፋል። እናታችን ትንሽ አሰቡና፣ “ደሴም እኮ ሰሜን ነው” አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ደሴ ከመካ በስተደቡብ፣ በአንድ መስመር ላይ ናት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደ ዞሩበት ዞረው ሰገዱ።

ስንወጣ ቦቢ በመኪናው ጥላ ሥር ተኝቷል። ስልኩ እዚህ ይሠራልና ልጃችን ለአዛውንቱ ጎረቤታችን መጦሪያ ቤት ደወለላቸው፤ የቦቢን መጥፋት ራሱ መናገር አለብኝ አለ፤ ተናገረም፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። ከወዲያ በኩል ለጥቂት ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ያኔ እንግሊዝኛ የማይችሉት እናታችን ስልኩን ከእጁ ወሰዱና በአማርኛ ጮክ ብለው፣ “አብሽሩ አባቴ፣ ደህና ነው፤ እዚሁ ተኝቷል” አሉ።